ሦስቱ የኋላ ካንዴላዎች፦ ለሚኒቫን ካንዴላና ገመድ አመራረጥ

ቫናችን የ2005 ዶጅ ግራንድ ካራቫን ናት። ሞተሯ 3.3 ሊትር ቪ6 ነው። ልጆች አመላልሳለች፣ ከኤርፖርት እንግዳ ተቀብላለች፣ ለስንቱ ድግስ ድስትና እንጀራ ተሸክማለች። አንድ ዓመት ብርዱ እንደገባ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መንዘፍዘፍ ጀመረች። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስካነር (የብልሽት ኮድ ማንበቢያ) ስንሰካባት ፒ0303 የሚል ኮድ አሳየን። ሦስተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው፣ ቤንዚኑን በወጉ አያነድድም ማለት ነው።

ግራ ገባኝ። ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ ፈጥሮ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ዕቃ፣ ካስቀየርኩ ገና ዓመት ተኩሌ ነበር። ደረሰኙም እጄ ላይ አለ፤ ስድስት ካንዴላ ይላል። ራሴ ፈትቼ ሳይ ፊት ለፊት ያሉት ሦስቱ ንጹህ ናቸው። ኋላ ያሉት ሦስቱ ግን ዝገት የበላቸው፣ ጫፋቸው የተሸረፈ፣ መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ ማንም ያልነካቸው ይመስላሉ። ጋራዡ የቀየረው ሦስት ነው። ያስከፈለው የስድስት ነው።

ሰውየውን ልረግመው ፈልጌ ነበር። እጄን ራሴ ወደ ኋላ ካስገባሁ በኋላ ግን ለምን እንዳደረገው ገባኝ። ልክ ነው አላልኩም፤ ገባኝ ነው ያልኩት። ሞተሩ አግድም ነው የተቀመጠው። ሦስቱ የኋላ ካንዴላዎች በሞተሩና ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ መካከል ተደብቀዋል። አይታዩም። በዳሰሳ ነው የምታገኟቸው።

ከዚያ ወዲህ ካንዴላ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ነው?» ብዬ አይደለም። «እጄን እዚያ ስንት ጊዜ ያስገባኛል?» ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል።

መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ

ገመድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ካንዴላው የሚወስደውን) ሳትገዙ ቫናችሁ ገመድ እንዳላት አረጋግጡ። ሰው ገዝቶ ሲመልስ አይቻለሁ። ከ2004 ወዲህ ያሉ ቶዮታ ሲዬናዎች እያንዳንዱ ካንዴላ አናቱ ላይ የራሱ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ዕቃ) አለው፤ ገመድ የሚባል ነገር የላቸውም። ባለ ቪ6 ሆንዳ ኦዲሲም እንዲሁ ነው። ግራንድ ካራቫንና ታውን ኤንድ ካንትሪም በ2011 ሞዴል 3.6 ሊትሩ ሞተር ሲገባላቸው ገመዱ ቀርቷል።

ገመድ ያላቸው በዕድሜ ገፋ ያሉት ናቸው። እስከ 2010 ድረስ 3.3 ወይም 3.8 ሊትር ሞተር ያላቸው የክራይስለርና የዶጅ ቫኖች፣ ሸቭሮሌ ቬንቸር፣ ፎርድ ዊንድስታር። እዚህ በዲሲ ዙሪያ በርካሽ ተገዝተው ቤተሰብ የሚያገላብጡት እነዚህ ናቸው። እኔ የምጽፈው በደንብ ስለማውቀው ስለ ዶጅና ክራይስለሩ ነው። የተቀሩት በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የሲሊንደር ቁጥር አደራደራቸው ግን ስለሚለይ በራሳቸው መጽሐፍ አመሳክሩ።

በቅንፍ ይሁንና፣ አዲስ አበባ ያለ ባለ ዶልፊን ዘመዴ ይህን ስነግረው «የእኔን ካንዴላስ መቼ ልቀይር?» አለኝ። መኪናው ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በብልጭታ ስላልሆነ የሚቀየር ካንዴላ የለውም። ስቆ ስልኩን ዘጋ።

ሞተሩ ራሱ ምርጫችሁን ያጠብባል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነው።

3.3 እና 3.8 ሞተሮች ስድስት ሲሊንደር አላቸው፤ ኮይላቸው ግን ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ታሽገው ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ኮይል ሁለት ካንዴላ ያገለግላል። 1 ከ4፣ 2 ከ5፣ 3 ከ6 ጋር ተጣምረዋል። ጎዶሎ ቁጥሮቹ ኋላ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ ፊት ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ ካንዴላ አለው።

ኤሌክትሪኩ የሚዞረው እንዲህ ነው። ከኮይሉ አንድ ጫፍ ይወጣል፤ በገመድ ይሄድና አንደኛውን ካንዴላ ከመሀሉ ጫፍ ወደ ጎኑ ጫፍ ይዘላል። ከዚያ በሞተሩ ብረት አድርጎ ሁለተኛው ካንዴላ ጋ ይደርሳል። እዚያ ግን የሚዘለው በተቃራኒው ነው፤ ከጎን ወደ መሀል። በሁለተኛው ገመድ አድርጎ ወደ ኮይሉ ይመለሳል። ሁለቱ ካንዴላዎች እኩል ይበራሉ። አንዱ ቤንዚኑን ያነድዳል፤ ሌላው ጭስ እየወጣ ባለበት ሲሊንደር ውስጥ ለከንቱ ይበራል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ካንዴላው ከሚያስፈልገው እጥፍ ጊዜ ስለሚበራ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ካንዴላዎች የመሀል ጫፋቸው ይበላል፤ ሦስቱ ደግሞ የጎን ጫፋቸው። አንዱን ጫፍ ብቻ የሚጠብቅ ካንዴላ ለግማሹ ሞተር ብቻ ነው የሚጠቅመው። ሦስተኛ፣ አንድ ገመድ ሲበላሽ ጥንዱም ሊታመም ይችላል። ስካነሩ ፒ0303 እና ፒ0306ን አንድ ላይ ካሳያችሁ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ኮይሉን ጠርጥሩ፤ ሁለቱ የሚጋሩት እሱን ነው።

በምን እንመዝን?

ካንዴላውን በአራት ነገር እመዝናለሁ። ሁለቱንም ጫፍ ይጠብቃል ወይ? ስንት ማይል ይቆያል? ለስንት ማይል ስንት ዶላር ይወጣበታል? የውሸቱስ ገበያው ላይ ምን ያህል ይበዛል? ገመዱን በሦስት ነገር እመዝናለሁ፤ ሙቀት መቻሉ፣ ርዝመቱ በልክ መሆኑ፣ ሬዲዮንና ኮምፒውተርን አለመረበሹ።

«ጉልበት ይጨምራል» እና «ቤንዚን ይቆጥባል» የሚሉትን ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። ጤነኛ ሞተር ላይ ካንዴላ መለወጥ የፈረስ ጉልበት አያመጣም። የሚመልሰው አሮጌው ካንዴላ የሰረቀውን ብቻ ነው።

ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ

ተራው ካንዴላ። ሰዉ «ኮፐር» ይለዋል። መዳቡ ግን ውስጡ ነው ያለው፤ ብልጭታው የሚያርፍበት ጫፍ የኒኬል ቅይጥ ነው። ኒኬል በ1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከኒኬል፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም ቶሎ የሚበላው እሱ ነው። ብልጭታው ጥሩ ነው፤ በዚህ በኩል ስም አላጠፋበትም። ችግሩ ዕድሜው ነው። በተለምዶ ከ20 እስከ 30 ሺህ ማይል ይባልለታል፤ እጥፍ በሚበራበት በዚህ ሞተር ላይ ወደ ታችኛው ቁጥር መጠጋት ይሻላል። አንዱ 3 ዶላር ገደማ ነው፤ ስድስቱ 18። ርካሽ ይመስላል። መቶ ሺህ ማይል ለመሄድ ግን አራት ጊዜ ትቀይራላችሁ። 72 ዶላር፣ ከዚያም አራት ቅዳሜ፣ ከዚያም የተላጠ ክንድ።

ነጠላ ፕላቲነም። የመሀሉ ጫፍ ፕላቲነም ነው፤ የጎኑ ተራ ኒኬል። ፕላቲነም በ1768 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ መበላትንም ይቋቋማል። ለየሲሊንደሩ ኮይል ላለው መኪና መጥፎ አይደለም። ለእኛ ሞተር ግን የማልመክረው ይኸው ነው። በሦስቱ ሲሊንደሮች ላይ የሚበላው የጎኑ ጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ያልተጠበቀ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ከፍላችሁ ግማሹ ሞተር ላይ የተራውን ዕድሜ ታገኛላችሁ። ሻጩ «ፕላቲነም ነው» ሲላችሁ «ነጠላ ነው ድርብ?» በሉት። መልስ ከሌለው ካርቶኑን ራሳችሁ አንብቡ።

ድርብ ፕላቲነም። ሁለቱም ጫፎች ላይ ፕላቲነም ተበይዷል። እንዲህ ዓይነት ሞተር የሚፈልገው ይህን ነው። የቫኗ የጥገና ሰሌዳ የሚለው የ100 ሺህ ማይል ዕድሜም የተሰላው እንዲህ ባለ ረጅም ዕድሜ ካንዴላ ነው። አንዱ ከ6 እስከ 12 ዶላር ይሸጣል። በ8 ብንገዛው ስድስቱ 48 ዶላር ይሆናሉ። ከላይ ካለው 72 ጋር አስተያዩት። የሚገርመው «ውዱ» ካንዴላ ርካሹ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ እሱም የጉልበታችሁ ዋጋ ሳይታሰብ።

ኢሪዲየም። ጠንካራው ብረት ይህ ነው፤ እስከ 2446 ዲግሪ አይቀልጥም። ስለዚህ የመሀሉን ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን አድርገው ይሠሩታል፤ ብልጭታው በትንሽ ቮልቴጅ ይዘላል። አንዱ ከ8 እስከ 15 ዶላር ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ኢሪዲየሞች ኢሪዲየም የሆኑት መሀላቸው ብቻ ነው። የጎኑ ጫፍ ተራ ኒኬል ከሆነ ከነጠላ ፕላቲነሙ ጋር ያው ናቸው። ጎኑ ላይ ትንሽ የፕላቲነም ጠብታ የተበየደበትን ፈልጉ። ሁለተኛ፣ የውሸት ካንዴላ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ትርፉ ያለው እዚህ ስለሆነ። ኢንተርኔት ላይ ከማይታወቅ ሻጭ በግማሽ ዋጋ ካገኛችሁት ዕድለኛ ነኝ አትበሉ። የመሀሉ ጫፍ ጠማማ ከሆነ፣ በሴራሚኩ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ከተላቀቀ፣ ስድስቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተታቸው የተለያየ ከሆነ መልሱት።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ድርብ ፕላቲነም ነው። ደህና ኢሪዲየምም አይጠላም። ግን ከ200 ሺህ ማይል በላይ ለሄደች ቫን ተጨማሪውን 30 ዶላር ለጥሩ ገመድ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

ገመዶቹ

የገመድ ነገር ችላ ይባላል። ሰው ካንዴላ ቀይሮ አሮጌውን ገመድ መልሶ ይሰካል። የኋላ ገመዶች ግን ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሙቀቱ የጎማ ቆባቸውን ያደርቀዋል፤ ሲያወጧቸው ይሰነጠቃሉ። የእኔ አንዱ ቆቡ ካንዴላው ላይ ቀርቶ ገመዱ ብቻ ወጣ። ስለዚህ የኋላውን ከነካችሁ ገመዱን አብራችሁ ቀይሩ። እዚያ ለሁለተኛ ጊዜ መመለስ ቅጣት ነው።

ገበያ ላይ የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው። ርካሹ ስብስብ 25 ዶላር ገደማ ነው። ውስጡ የካርቦን ክር ነው። ክሩ በራሱ ችግር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካውም ካርቦን ነው የሚጠቀመው። የሚያሳዝነው ልባሱ ነው፤ ስስ ነው፣ ቆቡ ሙቀት አይችልም። ሁለተኛው ከፋብሪካው ጋር የሚስተካከለው ነው፤ ከ40 እስከ 70 ዶላር። ልባሱና ቆቡ ሲሊኮን ነው። እያንዳንዱ ገመድ ርዝመቱ የተለካ፣ ቁጥሩም የተጻፈበት ነው። ቁጥሩን አትናቁት። ስድስት ጥቁር ገመድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ «የ5 የቱ ነው?» ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሦስተኛው ለእሽቅድድም ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ባለቀለሙ ነው። ጥቅል ሽቦ ያለበት ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። መከላከያ የሌለው ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ከሆነ ግን ሬዲዮኑን ያስጮኸዋል፤ የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊያሳስት ይችላል። ለቤተሰብ ቫን ቀይ ገመድ ምን ያደርግላታል?

አሮጌው ገመድ መሞቱን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። በጨለማ ሞተሩን አስነሱና በሚረጭ ጠርሙስ ገመዱ ላይ ጤዛ የምታህል ውሃ ንፉበት፤ እጃችሁንና ልብሳችሁን ግን አርቁ። ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሁለተኛው መልቲሜትር ነው። ለካርቦን ገመድ በአንድ ጫማ 10 ሺህ ኦም ካለፈ አሮጌ ነው ብዬ እወስዳለሁ። ሻካራ መለኪያ ነው፤ ግን ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ከራቀ ሌባው ተያዘ።

በየት በኩል እንግባ? ወይስ ለሰው እንስጥ?

የፊተኞቹ ሦስቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ አላወራም። ለኋለኞቹ አራት አማራጭ አለ።

ከላይ በእጅ። ምንም ሳይፈታ፣ በሞተሩና በግድግዳው መካከል ክንድን አስገብቶ በዳሰሳ። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ብቻ ማንሳት ለ5ኛው ይረዳል። ቀጭን ክንድና ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ በዚህ ጀምሬ ሦስተኛው ላይ ተውኩት። የባለቤቴ ወንድም ክንዱ እንደ መቃ ነው፤ ሦስቱንም በዚህ መንገድ አወጣቸው። የሰውነት ነገር ነው።

የዝናብ መጥረጊያውን አንስቶ። ከ2001 እስከ 2007 ባሉት ቫኖች ላይ የመጥረጊያ ክንዶቹን፣ ከሥራቸው ያለውን የፕላስቲክ ሽፋንና መጥረጊያው የታሰረበትን ትሪ ማንሳት ይቻላል። ብሎኑ ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይደረስበታል። ቢበዛ አንድ ሰዓት ይጨምርባችኋል። ከተነሳ በኋላ የኋላውን ወገን ቆማችሁ በሁለት እጅ ትሠራላችሁ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ሰው «ትርፍ ሥራ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። ትርፍ ሥራው ያለው ሦስት ሰዓት በዳሰሳ መታገል ላይ ነው።

ከሥር ገብቶ። መኪናዋ ወደ ላይ ትነሳና ከታች ወደ ላይ ይደረሳል። ሊፍት ላለው መካኒክ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን ጠንካራ ማቆሚያ ከሌላችሁ አትሞክሩት። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለጋራዥ መስጠት። እዚህ ከተማችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከ250 እስከ 450 ዶላር ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ እንደየቦታው ይለያያል። ቤት ሲሠራ ዕቃው ብቻ 100 ዶላር አካባቢ ይፈጃል። ብትሰጡም ነውር የለውም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ስድስቱንም አሮጌ ካንዴላ መልሱልኝ።» በትህትና፣ ሥራው ሳይጀመር። ይህን ያወቅኩት በ17 ወር ዘግይቼ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ሁለቱን ጫፍ ይጠብቃል? | ዕድሜ በዚህ ሞተር | የስድስቱ ዋጋ በግምት | ፍርድ |
|---|---|---|---|---|
| ተራ (ኒኬል) | አይጠብቅም | 20–25 ሺህ ማይል | 18 ዶላር | ለአጭር ጊዜ ብቻ |
| ነጠላ ፕላቲነም | መሀሉን ብቻ | ግማሹ ቶሎ ይበላል | 25–40 ዶላር | ይለፍ |
| ድርብ ፕላቲነም | አዎ | እስከ 100 ሺህ ማይል | 36–72 ዶላር | የመጀመሪያ ምርጫ |
| ኢሪዲየም፣ ጎኑ ፕላቲነም | አዎ | እስከ 100 ሺህ ማይል | 50–90 ዶላር | ጥሩ፤ የውሸቱን ተጠንቀቁ |
| ኢሪዲየም፣ ጎኑ ተራ | መሀሉን ብቻ | ግማሹ ቶሎ ይበላል | 50–90 ዶላር | ይለፍ |

| ገመድ | ሙቀት መቻል | ዋጋ በግምት | ፍርድ |
|---|---|---|---|
| ርካሽ ስብስብ | ደካማ | 25 ዶላር | ሊሸጥ ላለ መኪና |
| የፋብሪካ ደረጃ፣ ሲሊኮን | ጥሩ | 40–70 ዶላር | ለሁሉም ማለት ይቻላል |
| የእሽቅድድም | እንደ ሥራው | 70 ዶላርና በላይ | ለቤተሰብ ቫን አያስፈልግም |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሁኔታችሁ

ቫኗን በሁለት ሦስት ወር ልትሸጡ ከሆነ ተራ ካንዴላና ርካሽ ገመድ ይበቃል። ግን ስድስቱንም ቀይሩ። የሚገዛውም ሰው እንደ እኛው ሰው ነው።

ኪስ ከሳሳና ቫኗ ግን ገና የምታገለግል ከሆነ ከሁለቱ መካከል ካንዴላውን አስቀድሙ፦ ድርብ ፕላቲነም። ገመዱን በጨለማ ፈትሹት። ብልጭታ ካልዘለለና ቆቡ ካልተሰነጠቀ የፊተኞቹ ትንሽ ሊቆዩ ይችላሉ። የኋላዎቹን ግን እጃችሁ እዚያ እያለ ለውጡ። ብዙውን ጊዜ ገመዱ በስብስብ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ለመቆጠብ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው።

ኡበር፣ ዕቃ ማድረስ ወይም የልጆች ማመላለሻ የምትሠሩባት ከሆነ፣ በዓመት 30 ሺህ ማይል ከሄደች፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ተራ ካንዴላ በየዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይወስድባችኋል። ድርብ ፕላቲነም ወይም ጎኑ ፕላቲነም የሆነ ኢሪዲየም፣ ከፋብሪካ ደረጃ ገመድ ጋር። ከዚህ የወረደ አያዋጣም።

መፍቻ ይዛችሁ ለማታውቁ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። የፊት ሦስቱን ራሳችሁ ቀይሩ፤ እጃችሁ ይፍታታ። የኋላውን ለጋራዥ ስጡ፤ ካንዴላውንና ገመዱን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ። አንዳንድ ጋራዥ በሌላ ሰው ዕቃ አይሠራም፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

የቼክ ኢንጂን መብራቱ እየበራ እየጠፋ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን የዋጋ ንጽጽሩን ተዉት። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጽጃው) እየገባ ያግለዋል ማለት ነው። እሱ ሲቃጠል የሚመጣው ሒሳብ ቫኗን ሊያክል ይችላል። አቁሟት፤ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ትክክለኛ ካንዴላ አስገቡ።

እጅ ከመግባቱ በፊት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል። ቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው። በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ከካንዴላው ጋር ተልጦ ሊወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

አንድ ገመድ አውጡ፣ አንድ ካንዴላ ቀይሩ፣ አዲሱን ገመድ እዚያው ስኩ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ስድስቱን አንድ ላይ የነቀለ ሰው ምሽቱን ገመድ ሲያመሳስል ያድራል። ከ1 እስከ 6 ያለው ቁጥር የኮይሉ ሳጥን ላይም ተጽፏል።

የሚያስፈልገው የካንዴላ መፍቻ ውስጡ ጎማ ያለው 16 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ካንዴላውን ስለሚይዘው አይወድቅም። ማስረዘሚያና ተጣጣፊ አንገት ጨምሩ። ከሌላችሁ አንዳንድ የመለዋወጫ መደብሮች በመያዣ ያውሳሉ።

ክፍተቱን ከማስገባታችሁ በፊት ለኩ፤ «ተለክቶ የመጣ ነው» ቢባልም። ለዚህ ሞተር ከ1.2 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ስቲከር ሌላ ቁጥር ካለው ስቲከሩን እመኑ። ፕላቲነምና ኢሪዲየም ሲሆን መለኪያውን በመሀሉ ጫፍ ላይ አትደግፉ፤ ይሰበራል። የጎኑን ብቻ በቀስታ አጠፍ አድርጉ።

ሲገባ በመፍቻ አትጀምሩ። አሥር ሳንቲ ሜትር የምታህል የጎማ ቱቦ በካንዴላው ራስ ላይ ሰክታችሁ በጣት አዙሩት። ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፤ በጉልበት አያስገባም። ለኋለኞቹ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። በጣት እስከ መጨረሻ ከገባ በኋላ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃል፤ ቀለበት ላለው አዲስ ካንዴላ ነው ይህ። ጥርሱ ላይ ቅባት መቀባት የለመዳችሁ ካላችሁ ተዉት። አዲሶቹ ካንዴላዎች ጥርሳቸው የተለበጠ ነው፤ ቅባቱ ሳይታወቅ ከመጠን በላይ ያስጠብቃችኋል። በገመዱ ቆብ ውስጥ ግን ትንሽ ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ ቀቡ። ውሃ ይከላከላል፤ ቆቡም በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀደድ ይወጣል። ገመዱ ሲገባ «ጠቅ» ይላል። ካላለ አልገባም።

አሮጌዎቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በየቁጥራቸው ደርድሯቸው። ግራጫ ወይም ቡና ዓይነት ቀለም ጤና ነው። ጥቁር ጥላሸት ሆኖ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ዘይት ከነካው ጉዳዩ ከካንዴላ ያልፋል። ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ኮዱን አጥፍታችሁ በዚያው ቀን ወደ ኤሚሽን (የጭስ) ምርመራ አትሩጡ። ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ጥቂት ቀን በከተማም በሀይዌይም ንዷት፤ አለበለዚያ «ዝግጁ አይደለም» ብለው ይመልሷችኋል።